ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የታየው እርኩም

አጎቴ ሆሞሻ ውስጥ አስተማሪ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ማለዳ ደወለና ሰላምታውን እንኳን ሳያስረዝም «የልጆቹን ወፎች የት አደረስካቸው?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከሥራ ሰዓት ውጭ የምንሠራት ትንሽ አፕ አለችን። ሰው ያየውን የዱር እንስሳ ወይም ወፍ ይመዘግብባታል፦ ምን አየ፣ የት፣ መቼ፣ ስንት። የአጎቴ የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎቻችን ነበሩ። የትምህርት ቤቱን አንድ ስልክ በየተራ እየያዙ ጠዋት ጠዋት ይመዘግቡ ነበር። አሁን አጎቴ የሚለኝ፣ ልጆቹ የላኳቸው እርኩሞች ከአፑ ላይ ጠፍተዋል ነው።

ኮምፒውተሬን ከፍቼ አየሁ። እውነትም የሉም። 14 ምዝገባዎች፣ ሁሉም እርኩም፣ ሁሉም ከሆሞሻ አካባቢ፣ ተሰርዘዋል። የሰረዛቸው ሰው አይደለም፤ እኔ ራሴ የጻፍኩት ማጣሪያ ነው። ምክንያቱንም በትህትና አስቀምጦልኛል፦ «በቀን የሚንቀሳቀስ ወፍ በሌሊት ታይቷል»። ልጆቹ «1:00» ብለው ጽፈዋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ወፍ ለማየት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ማሽኑ ግን በፈረንጅ ሰዓት አንብቦ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አደረገው። አሶሳ ተወልጄ ያደግሁት፣ እናቴ በ1 ሰዓት ቀስቅሳ ትምህርት ቤት ስትልከኝ የኖርኩት እኔ፣ የኢትዮጵያን ሰዓት የማያውቅ አፕ ለኢትዮጵያውያን ሠራሁ።

ይባስ ብሎ መጠባበቂያ ቅጂ የምንይዘው ለ2 ሳምንት ብቻ ነበር። ከተሰረዙ ደግሞ ወር አልፏቸዋል። በቃ፣ የሉም።

ኮዱን ማረም አንድ ቀን አልፈጀም። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነበር፦ ከኛ በፊት ይህን ወፍ ማን መዘገበው? ያ መዝገብስ እንዴት ሳይጠፋ ቆየ? ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ማታ ማታ ኮድ ትቼ ታሪክ ማንበብ ያዝኩ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጣጣ ራሱ ከአቆጣጠር የመጣ ስለሆነ ቀድሜ ላሳውቅ።)

እርኩም የምንለው በመሬት ላይ የሚራመድ ትልቅ ጥቁር ወፍ ነው። ሲበር ብቻ የክንፉ ጫፍ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ነው፤ የወንዱ ጉሮሮ ላይ ቀይ ይጨመርበታል። የሳይንስ ስሙ ቡኮርቩስ አቢሲኒከስ ይባላል። ይህን የዝርያ ስም በ1783 ያወጣለት ፒተር ቦዳርት የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ የታተመ ሥዕል ተመልክቶ። እርኩም በአውሮፓ መዝገብ ላይ ስም ያገኘው እንግዲህ ከሥዕል ነው፤ ከሜዳ አይደለም።

ከሜዳ የጻፈልን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ከ1769 እስከ 1772 በአገራችን ቆይቶ፣ በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት ጽፏል። ስለ እርኩምም ጽፏል። እኔን ያስደነገጠኝ ስሙን የያዘበት መንገድ ነው። በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል እርኩም ይባላል፣ በምሥራቁ አባ ጉምባ ይባላል፣ ወደ ሰናር በሚወስደው ድንበር ላይ ደግሞ በአረብኛ የዕጣ ወፍ እንደማለት ያለ ስም አለው ይላል። አንድ ወፍ፣ ሦስት ስም፣ ሦስት ቦታ። በኔ ቋንቋ ልናገረውና፣ ብሩስ «የአካባቢ ስም» የሚል ሳጥን ነበረው፤ ሳጥኑም ከቦታ ጋር የተያያዘ ነበር። እኔ ከ230 ዓመት በኋላ የሠራሁት አፕ ይህ የለውም። እንዲያውም ከተለያዩ የቃላት ዝርዝሮች ለቃቅሜ ባዘጋጀሁት የስም ሰንጠረዥ ውስጥ «እርኩም» ከአባ ኮዳ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። የሰዓቱ ስህተት ባይኖር ኖሮ እንኳን የልጆቹ ወፍ ሌላ ወፍ ሆኖ ይቀመጥ ነበር።

ግን ብሩስን ለማድነቅ አልቸኩልም። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ነበር። ዕፅዋቱን፣ እንስሳቱንና ሕንፃዎቹን የሚስለው እሱ ነው። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ሰውየው ወደ ዓባይ ምንጭ ከመሄዳቸው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የባሉጋኒ የራሱ የጉዞ ማስታወሻ ግን በ1770 ግሽ ድረስ አብሮት እንደነበር ያሳያል። ክብሩን መጋራት ያልፈለገ ሰው አንዱን ሳጥን ባዶ አደረገው፦ «መዝጋቢ ማን ነው» የሚለውን። ወፉን ያዳነ መዝገብ ሰዉን ጣለ።

ይህ ልማድ ወደ እኛ አካባቢም መጥቷል። በ1822 ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ ዛሬ ቤኒሻንጉል ወደምንለው ምድር ደረሰ። ብቻውን አልመጣም፤ የመጣው የግብፁ የመሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማኢል ፓሻ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ካዘመተው ጦር ጋር ነው። ካዮ የማዕድንና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር፤ ኋላም ናንት ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ኃላፊ ሆኗል። ወደ 60 ዓመት ቆይቶ፣ በ1881 እና 82፣ ሁዋን ማሪያ ሹቨር የተባለ የኔዘርላንድ ወጣት እዚሁ አካባቢ እየተዘዋወረ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ቋንቋውና ስለ ምድሩ ብዙ ጻፈ። በ1883 ባህር ኤል ጋዛል ውስጥ ሲገደል ገና 31 ዓመቱ ነበር።

እነዚህ ሰዎች መንገድ የሚመራቸው፣ ወንዝ የሚያሻግራቸው፣ «ይህ እንስሳ እዚህ አለ፣ ያኛው የለም» የሚላቸው ሰው ባይኖር አንድ ገጽ አይጽፉም ነበር። ሆኖም የነጋሪዎቹ ስም ከዕቃ ተሸካሚው ስም ጋር አብሮ ይቀራል። ወፎቹ ላይ የሚለጠፈው የሌላ ሰው ስም ነው። ገደል ላይ የሚጎጆውን ትልቁን ጥንብ አንሳ ብንወስድ፣ ዓለም የሚያውቀው በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን በዞረው በጀርመኑ በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ መዝገቡ እየተደራጀ መጣ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 ተመሠረተ። በ1971 ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ታተመ። በ2009 ደግሞ የጆን አሽና የጆን አትኪንስ አትላስ ወጣ። ይህ አትላስ ኢትዮጵያንና ኤርትራን በግማሽ ዲግሪ ካሬ ይከፍላል፤ የአንዱ ካሬ ጎን ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው። የየወፉ ካርታ የተሠራው ብዙ ሰዎች በብዙ ዓመታት ካዩት ተሰብስቦ ነው። ስልክ በሌለበት ዘመን የተሠራ የዜጎች ሳይንስ ልትሉት ትችላላችሁ።

55 ኪሎ ሜትር ማለት አሶሳንም ሆሞሻንም በአንድ ጊዜ ለመዋጥ የሚበቃ ካሬ ነው። የኔ ማጣሪያ ሁለተኛ ኃጢአቱ እዚህ ላይ ነው። ከሰዓቱ ሌላ «ከሚታወቅበት አካባቢ ውጭ» የሚል ደንብም ነበረው። የሚታወቅበት ማለት ቀድሞ የተመዘገበበት ማለት ነው። ታዲያ ማንም ሄዶ ያልመዘገበበት ቦታስ? በካርታ ላይ ያለ ባዶ ካሬ ሁለት ትርጉም አለው፦ ወፉ የለም፣ ወይም ተመልካች አልነበረም። ማሽኔ ሁለቱን አይለይም። ተመልካች ያልደረሰበትን ቦታ እንስሳ የሌለበት አድርጎ ይቆጥራል፤ ከዚያ አንድ ልጅ ተነስቶ «አየሁ» ሲል «አይሆንም» ይለዋል። ባዶው በባዶነቱ እንዲቀጥል የሚያደርግ ደንብ ጻፍኩ ማለት ነው።

ባዶ ካሬ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ከአርባ ምንጭ አጠገብ ነው። በ1990 ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ በመኪና የተጨፈለቀ የሌሊት ወፈ አገኙ። የሌሊት ወፍ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ናይትጃር የሚባለው፣ ማታ ማታ መንገድ ላይ የሚያርፈው ወፍ ነው። ከሬሳው ሊወሰድ የሚችለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ወሰዱት፤ የት እንደተገኘና መቼ እንደተገኘ ጻፉበት። ክንፉ ከሚታወቅ ዝርያ ጋር አልገጥም ሲል በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ፤ የስሙም ትርጉም «አንድ ክንፍ ብቻ» ነው። እስቲ የኔ ማጣሪያ እዚያ ቢኖር ብላችሁ አስቡት። ዝርያው አይታወቅም፣ አካሉ አልተሟላም፣ ቀድሞ የተመዘገበበት ቦታ የለም። ሰርዝ።

ሁለተኛው ወደ እኛ ይቀርባል። ከቤኒሻንጉል በስተሰሜን፣ በቋራ በኩል፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰነው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በየካቲት 2016 የዓለም ዜና ማሰራጫዎች በአላጥሽ አንበሶች ተገኙ ብለው ዘገቡ። በሃንስ ባወር የተመራ ቡድን በወጥመድ ካሜራ ፎቶ አንስቷቸው ኮቴያቸውንም አይቶ ነበር። ተገኙ የሚለው ቃል ግን ለማን ነው? የአካባቢው ሰው አንበሳ እንዳለ ያውቃል፤ ከብቱን የሚጠብቀው ከሱ ነው። ያልተገኙት በመዝገብ ላይ ነው። ካሜራው የፈጠረው አዲስ እውቀት የለም ማለቴ አይደለም፤ ማስረጃ ሌላ ነገር ነው፣ ፎቶ ይከራከራል። ነገር ግን እረኛው የሚያውቀው የሚገባበት ሳጥን ቀድሞ ቢኖር ኖሮ፣ ካሜራውን የት እንደሚተክሉ የሚነግር ካርታ በእጃቸው ይኖር ነበር።

ትልልቆቹ የምዝገባ ሥርዓቶች ይህን ከኔ ቀድመው ተምረዋል። በ2002 የተጀመረው ኢበርድ አጠራጣሪ ምዝገባ ሲደርሰው ለገምጋሚ ሰው ያሳያል፤ ካልተረጋገጠ ከሕዝብ ካርታ ላይ ይነሳል እንጂ ከተመልካቹ የግል ዝርዝር አይጠፋም። በ2008 በካሊፎርኒያ በርክሌይ የተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ የተወለደው አይናቹራሊስት ደግሞ ምዝገባዎችን በደረጃ ይለያል፤ የሚጎድለው ነገር ያለው ዝቅ ባለ ደረጃ ይቀመጣል። በ2007 በአዲስ መልክ የተጀመረው የደቡብ አፍሪካ የወፍ አትላስ ካሬውን ወደ 9 ኪሎ ሜትር አሳንሶታል፤ ተመልካቹም ቢያንስ ለ2 ሰዓት ዞሮ ያየውን ሁሉ በዝርዝር እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ሁሉን የጻፈ ሰው ያልጻፈው ነገር ራሱ መረጃ ይሆናል፦ እዚህ ነበርኩ፣ ፈለግሁ፣ አላየሁም። ባዶ ካሬ ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ አንብቤ ወደ ሆሞሻ ሄድኩ። አሶሳ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ፤ መንገዱ ዳር ማንጎና ሽመል እያየሁ። አጎቴ ማታውን አንድ የሚያውቃቸው የበርታ ሽማግሌ ቤት ወሰደኝ። የሆነውን አስረዳኋቸው። አጎቴ እየተረጎመ፣ እሳቸውም አማርኛ እየቀላቀሉ፣ ትንሽ ሳቁብኝና «ልጄ፣ ስልክህ ጠዋትን አያውቅም እንዴ?» አሉኝ።

በማግስቱ ከመንጋቱ በፊት ይዘውን ወጡ። ገና ድንግዝግዝ እያለ ከሩቅ የሚመታ ከበሮ የመሰለ ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። ልጅ ሆኜም ሰምቼው ይሆናል፤ ያኔ ግን ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ፀሐይ ወጣ ስትል፣ ማሽላው በተነሳበት ማሳ ላይ ሦስት እርኩሞች ዝግ ብለው እየተራመዱ አየን። ሰዓቴን አየሁ። 1 ሰዓት ከ10።

ሽማግሌው ወፉን በራሳቸው ቋንቋ ስሙን ነገሩኝ፤ የኔ ሰንጠረዥ ውስጥ የሌለ ስም ነው። ቀጥለው ድሮ ከዚህ በጣም ይበዛ እንደነበር አወሩኝ። የሚጎጆው በትልልቅ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ዛፉ ሲያልቅ እሱም ራቀ አሉ። እኔ ስልኬን አውጥቼ «መቼ ነበር አባቴ?» አልኳቸው። ያኔ የሚኖሩት አሶሳ አጠገብ ነበር። አሰቡና «እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት» አሉ።

አጎቴ መሬት መሬት አየ። አባቴና እሱ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ወደ አሶሳ ከተጓጓዙት ሰፋሪዎች ናቸው። አጎቴ ያኔ ልጅ ነበር። ፈልገው የመጡ ሰዎች አይደሉም፤ ርሃቡም መንግሥቱም ነው ያመጣቸው። ግን ቤት የሠሩት በእንጨት ነው፤ ያረሱትም ዛፍ መንጥረው ነው። ሽማግሌው የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። ዓመት እየነገሩኝ ነበር፤ እኔ «መቼ» ብዬ ጠየቅሁ፣ እሳቸው መለሱ። የአፑ የቀን ሳጥን ግን ይህን አይቀበልም። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ይላል። ወሩም ከ12 አይበልጥም፤ ጳጉሜን ላይ ወፍ ማየት ክልክል ነው።

ከዚያ ጉዞ በኋላ የቀየርናቸውን ነገሮች ስቆጥር አብዛኞቹ አዲስ አይደሉም፤ የድሮ መዝገቦች ወይ ያደረጓቸው ወይ ያጎደሏቸው ናቸው። ሰው የጻፈው ልክ እንደጻፈው ይቀመጣል፤ «1:00» ካለ «1:00» ሆኖ ይኖራል፣ የኛ ትርጉም ከጎኑ እንጂ በላዩ አይጻፍም። ሰዓት ሲገባ «ጠዋት ነው፣ ቀን፣ ማታ ወይስ ሌሊት?» ብለን እንጠይቃለን። የወር ቁጥር 13 ድረስ ሄዷል። ስም በማንኛውም ቋንቋ ይገባል፤ ከቦታው ጋር ይያያዛል። ኔትወርክ ከሌለ ስልኩ ይዞ ቆይቶ ሲያገኝ ይልካል። «ያየው ማን ነው» እና «የነገረው ማን ነው» ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ሆነዋል፤ ሰውየው ስሙ እንዲወጣ ካልፈለገ አይወጣም። ማጣሪያው ምልክት ያደርጋል፤ መሰረዝ ግን አይችልም።

ትክክለኛው ቦታም ለሁሉም አይታይም። ትልልቆቹ ሥርዓቶች ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን ቦታ የሚያደበዝዙት አዳኝ እንዳይደርስባቸው ነው። እኛ አገር ሌላ ምክንያት ይጨመርበታል። ወፉ የት እንዳለ የሚናገር ነጥብ፣ ስልኩን የያዘው ልጅ በስንት ሰዓት የት እንደነበረም ይናገራል። ድንበር ዳር ላለ፣ ግጭትም ላሳለፈ ክልል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉም ያከራከረን «ድሮ የነበረ» የሚለው ነው። አንዱ ጓደኛዬ ትዝታ መረጃ አይደለም አለ። ልክ ነው፣ እንደ ዛሬ እይታ ሊቆጠር አይችልም፤ ስለዚህ ለብቻው ይቀመጣል። ግን ጉባን አስቡት። በ2020 የህዳሴው ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር ሸለቆው ሐይቅ መሆን ጀመረ፤ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። አሁን እዚያ ሄዶ ከውሃው በፊት የትኛው ወፍ የት ይጎጆ እንደነበር ማየት የሚችል የለም። የሚያስታውሱ ሰዎች ግን አሉ፤ ዕድሜያቸውም እየሄደ ነው።

ከ14ቱ እርኩሞች 9ኙን መልሰናል። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ጽፈዋቸው ነበር፤ ከወረቀት ላይ ገልብጠን አስገባን። 5ቱ የአንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። እሷ በቀጥታ ስልኩ ላይ ስለመዘገበች ሌላ ቅጂ የላትም። ከክበቡም ወጥታለች። ሆሞሻ እያለሁ አጎቴ አገናኘኝና ለምን እንደተወች ጠየቅኋት። «ውሸት ነው የተባልኩ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ጥፋቱ የኔ እንደነበር ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች። እስካሁን አልተመለሰችም።

የሽማግሌው ቃልም ገብቷል። የወፉ ስም እሳቸው እንዳሉት ነው፤ የነገረው ማን እንደሆነ በፈቃዳቸው ተጽፏል። የጻፈው የሚለው ሳጥን ውስጥ የኔ ስም አለ። መቼ በሚለው ውስጥ «እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት» ይላል። ከጎኑ፣ በኛ ትርጉም ሳጥን፣ «ከ1977 ዓ.ም. በፊት» ብዬ ጨምሬበታለሁ። የሳቸውን ግን አልነካሁትም።